አሳማው በአራት እግሩ

ቤን ማይ መሻገሪያ፣ የዘንዶው ዓመት፣ አዝመራው እንደገባ

ውድ ጋሽ ኪየም፣

ይህ ፖስታ ገና እጅዎ ሲገባ በዚያ በሾለው ሽቦዎ ወጋ ወጋ ሊያደርጉት እንደሚያምርዎት አውቃለሁ። አይድከሙ። ሽቦው እዚህ እኛ ዘንድ ቀርቷል። ፖስታው ውስጥም ሩዝ የለም፣ ሥጋ የለም፣ የታፈነ ዳክዬ የለም። ያለው ወሬ ብቻ ነው። ወሬ ደግሞ በእርስዎም ዘመን ድምፁን ዝቅ እስካደረገ ድረስ በነጻ ያልፍ ነበር። የላኪውን ስም አይተው ሳያነቡ እንዳይቀዳድዱት ብዬ አድራሻውን በልጅዎ በኛይ እጅ አስጻፍኩት። አዎ፣ ከመጀመሪያው አታለልኩዎት። እኔው ነኝ፤ ቪን፣ የማዶው ውርጋጥ።

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዝናብ ሲቃረብ የሚጠዘጥዝዎት ያ የግራው? እዚህ ሳሉ እኛ ዕቃ አሻጋሪዎች የአየሩን ጠባይ የምናውቀው በእርስዎ ጉልበት ነበር። ጠዋት ሲያነክሱ ያየ ሰው፣ "ዛሬ ይዘንባል፣ ጋሽ ኪየም እስከ ጀልባው ድረስ አያሳድዱንም" ብሎ ወሬውን በመንደሩ ይረጨው ነበር። አሁን እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ዝናቡ ሳናስበው እየመጣ ያበሰብሰናል።

ጽሑፌ ከተንጋደደ አይፍረዱብኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት የመምህራችን መሳቢያ ውስጥ እንቁራሪት በመገኘቷ ነው። በራሷ እግር ገብታም ሊሆን ይችላል፤ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ ኛይ ናት። እሷ እሺ ብላኛለች፤ እናቴ እሺ ብላለች፤ የጀልባው ሰው እንኳ ሳይጠየቅ እሺ ብሏል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ኛይ ደግሞ ቁርጡን ነግራኛለች፤ "አባቴ የእሺታውን የሚታኘክ ቅጠል ከትሪው ላይ በገዛ እጁ ካላነሳ፣ እኔ ከአንተ ቤት ውሃ አልቀዳም።" እኔ ቀልደኛ ነኝ፤ እሷ ግን በዚህ አትቀልድም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ፤ ጉልበትዎን ዘርጋ አድርገው፣ ሻይዎን ይዘው።

መቼም ያ ኬላ ሁለታችንንም አሳድጎናል። እርስዎን በማዕረግ፣ እኔን በተንኮል። ከወንዙ ወዲህ የኛ ወረዳ፣ ከወንዙ ወዲያ የእናንተ ወረዳ፤ በመሃል እርስዎና ያ ሲለቀቅ ሽቅብ እንዲያነሳው በአንድ ጫፉ ድንጋይ የታሰረበት ረጅም ቀርከሃ። ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሩዝም ሆነ ሥጋ ለአንድ ምሳ ከሚበቃው በላይ ይዞ ማለፍ ክልክል ነበር። እዚህ ሩዙ ይሻግታል፣ እዚያ ሰው ይራባል፤ ቀርከሃው ግን አይነሳም። ለምን እንደሆነ እርስዎን ጠይቄዎት ነበር። "መመሪያ ነው" አሉኝ። መመሪያው ለምን እንደሆነስ? "አንተ ልጅ፣ መመሪያ ምክንያት አይጠየቅም፣ ዞር በል!"

የብስክሌቴን ጎማ ያስታውሳሉ? የውስጡን ላስቲክ አውጥቼ በሩዝ የሞላሁትን? እየገፋሁ ስመጣ፣ "ቪን፣ ለምን አትጋልባትም?" አሉኝ። "አርጅታለች ጋሼ፣ አዘንኩላት" አልኩ። "እኔስ አርጅቼ የለ፣ ለኔ መቼ ታዝናለህ?" ብለው ጎማውን በሽቦዎ ወጋ ሲያደርጉት ሩዙ ሽርርር ብሎ ወረደ። የሻይ ሻጯ ዳክዬዎች ሰርግ ያገኙ ይመስል ተንጋግተው መጡ። እርስዎ ሊያስሩኝ ይችሉ ነበር፤ ግን የኬላውን ግቢ አስጠረጉኝ። እየጠረግሁ ሳለ አንዲት ልጅ የአባቷን ምሳ ይዛ መጣች። "አባዬ፣ ይሄ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው?" አለች። "ጎማውን ሩዝ አብልቶ" አሏት። ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ሆን ብዬ እያዝ ነበር። እርስዎ ጎበዝ ጠባቂ የሆኑ መስሎዎት ነበር፤ እኔ ነኝ ጥርጊያ ያማረኝ።

አሁን ትልቁን ነገር ላንሳ፤ የሬሳ ሳጥኑን።

በኛ ወግ ሙሽራው ለሙሽራይቱ ቤት አሳማ ይዞ ካልሄደ ሰርግ አይባልም። የወንድሜ የቱክ እጮኛ ደግሞ ከእናንተ ወገን ነበረች። ያኔ የወዲህ ልጅ የወዲያን ሲያገባ አሳማው የሚሻገረው ተቆራርጦ ነበር፤ እግሩ በአንዷ አክስት ቀሚስ ሥር፣ ጎኑ በሌላዋ፣ ጭንቅላቱ ደግሞ እንደ ሕፃን ታዝሎ። ሙሽራይቱ ቤት ሲደርስ እንደገና ይገጣጠማል። እናቴ ግን እንቢ አለች። "የበኩር ልጄን በተበጣጠሰ አሳማ አልድርም!" አለች። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። አሳማውን የሩዝ አረቄ አተላ አጠጣሁት፤ ጠጥቶ ጠጥቶ ዘጭ አለ። ሳጥን ውስጥ አስተኛነው። ነጭ ጨርቅ በግንባራችን አሰርን። እናቴ ፊት ፊት ሙሾ እያወረደች፣ እኔ ከኋላ እያለቀስኩ፣ ኬላው ደረስን።

እርስዎ ባርኔጣዎን አወለቁ። "ማን ናቸው?" አሉ።

"የእናቴ አጎት" አልኩ እየተንሰቀሰቅሁ።

"ምን ሆነው?"

"ጠጥተው ነው ጋሼ።" ይህን እንኳ አልዋሸሁም።

ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ልክ በሦስተኛው ላይ ሳጥኑ ውስጥ "ኽርርር" የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ሙሾዋን ከፍ አደረገችው፤ በሕይወቷ እንደዚያ አምርራ አልቅሳ አታውቅም። እርስዎ ቀና አሉ፣ ሳጥኑን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ቀርከሃውን አነሡና፣ "ቶሎ አድርሷቸው፣ ሙቀቱ ለሬሳ ጥሩ አይደለም" አሉ። ወንድሜ በሙሉ አሳማ አገባ። እኔም፣ ጋሽ ኪየምን አሞኘሁ እያልኩ በየሻይ ቤቱ ስፎክር ከረምኩ።

በኋላ ድፍረቱ ሲመጣልኝ፣ በግላጭ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ጋሼ፣ ኛይን ይስጡኝ" አልኩ። መንደሩ ጆሮውን ደገነ። እርስዎ ፂምዎን አሸት አሸት አድርገው፣ "ስማ አንተ ዱርዬ! በጎማ አይደለም፣ በቀሚስ ሥር አይደለም፣ በሬሳ ሳጥንም አይደለም፤ አሳማ በዚህ ኬላ በአራት እግሩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው ያለፈ ዕለት ልጄን ትወስዳለህ!" አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። "እንግዲህ ቪን፣ ቆመህ ቅር!" አለችኝ ሻይ ሻጯ። አሳማ በጠራራ ፀሐይ ያልፋል ማለት ወንዙ ወደ ተራራ ይፈሳል እንደ ማለት ነበር።

ከዚያ ሃኖይ ላይ ትላልቆቹ ሰዎች ጉባኤ ተቀመጡ። ቀበሌያችን ግንድ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ጠዋት "ዶይ ሞይ፣ እድሳት፣ ሁሉም ይታደሳል" ማለት ጀመረ። ማን አመነ? እናቴ፣ "መጀመሪያ ይሄን ድምፅ ማጉያ ያድሱት፣ ይንኳኳል" አለች። በጸደዩ ግን ትእዛዝ ወረደ፤ ኬላዎች ይነሡ፣ ዕቃ እንደ ልቡ ይሂድ። እርስዎ መመሪያውን ደጋግመው አነበቡት። ይቺን አልረሳትም፦ "ምክንያቱ ምን ይላል?" ብለው የወረዳውን ካድሬ ጠየቁት። እርስዎም በመጨረሻ ምክንያት ጠየቁ! ቀርከሃውን አነሡት፤ እንደ ተነሳ ቀረ። ሰው እየጨፈረ በሥሩ ሲያልፍ፣ እርስዎ እጅዎን የት እንደሚያደርጉት ጠፋዎት። በሳምንቱ ወደ ትውልድ መንደርዎ ሄዱ። ኛይ ከአክስቷ ጋር ቀረች።

እኔማ ደስታ ሊገድለኝ! አክስቷን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁብዎት። ምን ብለው መለሱ? "ቃሌ፣ በዚህ ኬላ ያለፈ ዕለት ነው። ኬላው የለም፤ ቃሉም የለም።" ጋሽ ኪየም! ከኔ ጋር ብዙ በመዋልዎ ተንኮሉ ተጋብቶብዎታል። መልስዎን ስሰማ ተናደድኩ፣ ከዚያ በሳቅ ተንከተከትኩ፣ ከዚያ ደግሞ የኛይን ፊት አየሁና ሳቄ ጠፋ።

"ቂም ይዞብኛል?" አልኳት።

"ቂም አይደለም" አለች። "ሰው ሁሉ ያንን ቀርከሃ ሲረግም ሰምቶ ሄዷል። እሱንም አብረው የረገሙት ይመስለዋል።"

እና እኔ ምን ላድርግ? አሳማ ማሳደግ ጀመርኩ።

የዘንድሮውን ለውጥ እዚያም ሳይሰሙት አይቀሩም፤ መሬቱ ለየቤተሰቡ በውል ተሰጠ። በጋራ እርሻው ማህበር ጊዜ ደወሉ ተደውሎ ተደውሎ ሰው ማሳ የሚደርሰው ፀሐይ ከወጣች ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር፤ አሳማውም የሁላችን ስለነበር ማንም አይመግበውም ነበር፣ ጎኑ እንደ ቅርጫት ይቆጠር ነበር። አሁን እናቴን ቢያዩዋት! ደወል አትጠብቅም። ማሳው ዳር ቆማ ሩዙን እንደ ልጅ ታናግረዋለች። ጎረቤታችን ሰነፉ እንኳ አረም መንቀል ጀምሯል፤ መጀመሪያ ቀን የታመመ መስሎን ልንጠይቀው ሄድን። ገንዘቡ አሁንም እብድ ነው፤ ጠዋት ዶሮ የሚገዛው ዶንግ ማታ እንቁላል አይገዛም። ሆዳችን ግን በዘንድሮው አዝመራ ጠገበ፤ ከሩዙ ፉርሽካ ደግሞ ለአሳማው ተረፈ። አሳማው እንዴት ያለ አሳማ መሰለዎት! ስሙን "ጓድ ኪየም" ብዬው ነበር። ኛይ በጭልፋ መታችኝና ተውኩት። አሁን ስም የለውም፤ ግን በድሮው ስሙ ሲጠራ ዞር ማለቱን አልተወም።

ኛይ ጭልፋ ከየት አመጣች ካሉ፣ የኬላው ጎጆ አሁን የእሷ ሾርባ ቤት ነው። በፈቃድ! በአደባባይ! የእርስዎ ወንበር ላይ ድስት ተቀምጧል። ያ የሾለው ሽቦዎም ሥራ አልፈታም፤ ሥጋ ሰክታ ከሰል ላይ ትጠብስበታለች። ስንት ዓመት ሥጋ ሲፈልግ ኖሮ ይኸው አገኘ። አንዳንድ አሮጊቶች ደግሞ እስከ ዛሬ ጎጆው ጋ ሲደርሱ ቆመው የቅርጫታቸውን ክዳን ይከፍታሉ፤ ልማድ ነው። ኛይም ሾርባዋን ትታ ብቅ ትልና፣ አየት አድርጋ፣ "ይለፉ እማማ" ትላቸዋለች። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

ይህን ሳይ ነው መላው ብልጭ ያለልኝ። ኬላ የለም ካሉ፣ ኬላ አቆማለሁ!

ቀርከሃዎን የጀልባው ሰው መረብ ማድረቂያ አድርጎት ነበር። ለመንኩት። በገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ በድሮው ቦታው ተከልነው። ድንጋዩን አሰርን። ወሬው ከመቼው እንደደረሰ እንጃ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ጎረፈ። ጋሼ፣ ቢያዩት! ስንት ዓመት ኬላ ሲሸሽ የኖረ ሕዝብ ለመፈተሽ ተሰለፈ። "እኔን ፈትሸኝ! እኔን!" ይላሉ። አንዷ፣ "እኔ ሆዴ ሥር ሥጋ አለኝ፣ ለምን አትይዘኝም?" ትላለች። "ያ የራስሽ ነው፣ እለፊ!" እላታለሁ። እንደ እርስዎ ፂም እንዲሆነኝ ጥላሸት ተቀብቻለሁ፤ በግራ እግሬም አነክሳለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በጣም አስመስዬው ነበር።

በዚህ መሃል የወረዳው ካድሬ ጓድ ሃው ብስክሌቱን እየነዳ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ደረሰ።

"ማነው ኬላ ያቆመ? ኬላ እኮ ክልክል ነው! መመሪያ አልሰማችሁም?"

"ጓድ፣ ይሄኛው የኮንትሮባንድ ኬላ ነው" አልኩት።

"የምን?"

"ተደብቆ የገባ። ማታ ይወጣል።"

ሻይ ሻጯ ከኋላ፣ "ጓድ ሃው፣ 'ኬላ የሕዝብ ዓይን ነው' ብለው ስብሰባ ላይ ያስጨበጨቡን እርስዎ አልነበሩም?" አለችው።

"ያ ድሮ ነው!"

"ምነው ቶሎ አረጀ? እጄ እኮ ገና ከጭብጨባው አላረፈም!"

ሰው በሳቅ አለቀ። ካድሬው ቀላ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ነገሩን አስረዳነው፤ የእርስዎን ቃል፣ የኔን ጉድ፣ አሳማውን። አሳማውን ሲያይ አፉ ቀድሞት፣ "የማሻገሪያ ፈቃድ አለው?" አለ። ራሱን ሰማና፣ "ውይ!" ብሎ አፉን ያዘ። ከሁሉ በላይ ከት ብሎ የሳቀው እሱ ነበር። "እንግዲያው መንግሥት ራሱ ያንሳው" ብሎ ቀርከሃውን ያዘ። ግን አያውቅበትም! ሽቅብ ሲለቀው ጫፉ ባርኔጣውን ገፎ ወንዝ ከተተው።

አሳማው ተነሳ። በአራት እግሩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው። ቀርከሃው ሥር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎጆውን አየ። መሬቱን አሸተተ። ከዚያ እዚያው መስመሩ ላይ ዘና ብሎ ሽንቱን ሸና፤ ስለ ድሮው አሠራር ያለውን አስተያየት ሰጠ ማለት ነው። ሲጨርስ ጅራቱን ቆልምሞ ተሻገረ። ጋሽ ኪየም፣ ያን ዕልልታ የእርስዎ ተራራ ሳይሰማው አይቀርም። እናቴ አሳማውን አቀፈችው፤ እኔን እንኳ እንደዚያ አቅፋኝ አታውቅም።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ጭብጨባው ጋብ ሲል አንዲት አሮጊት፣ ያቺ ቅርጫቷን የምትከፍተው፣ ቀርከሃውን እያየች፣ "ኪየም ቢኖር በአንድ እጁ ነበር የሚያነሳው፣ የማንም ባርኔጣ ሳይነካ" አለች። ጀልበኛው፣ "ዝናብ ሲዘንብ ቅርጫቴን ጎጆው ውስጥ ያስገባልኝ ነበር" አለ። ሌላው ሌላ አለ። የረገሙት ቀርከሃውን ነው ጋሼ። እርስዎን የረገመ ካለ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ጎማዬን ሲወጉት ብቻ።

ኛይ ያኔ ጭልፋዋን እንደያዘች እያለቀሰችም እየሳቀችም መጣችና በጆሮዬ፣ "ቪን፣ ያን ቀን ሬሳው ሲያንኮራፋ አባቴ ሰምቷል" አለችኝ።

"ምን?"

"እራት ላይ ብቻውን ይስቃል። ሩዙ በአፍንጫው ወጣ። ምንድነው ስለው፣ 'የዱርዬው ሬሳ አንኮራፋ' አለኝ። ለምን አሳለፍከው ስለው ደግሞ፣ 'ሰርግ ያለ አሳማ ምን ሰርግ ነው? መመሪያውም ሬሳ ክፈት አይልም' አለ።"

ጋሼ፣ ስንት ዘመን አሞኘሁዎት ብዬ ስፎክር፣ የተሞኘሁት እኔ ነበርኩ! በዚህ አገር ከኔ የባሰ ተንኮለኛ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ለዚያውም ባርኔጣ አውልቆ፣ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ!

እንግዲህ ቃልዎ ተፈጽሟል፤ ምስክሩ ሁለት ወረዳ፣ አንድ ካድሬና አንድ ወንዝ የወሰደው ባርኔጣ ነው። ግን በምስክር ብዛት ልጅዎን አልወስድም። ጨረቃዋ ስትሞላ በጀልባ ወደ እርስዎ እንመጣለን፤ ኛይ፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ ቅጠሉን የያዘው ቀይ ትሪ፣ አሳማውም በአራት እግሩ። ቀርከሃውን በትከሻዬ ተሸክሜ እመጣለሁ። ደጅዎ ላይ እተክለዋለሁ፤ የዚያ ኬላ ጠባቂ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሽቦውንም ከነጠረኑ አመጣልዎታለሁ፤ እንደፈለጉ ይውጉ፣ ትሪውንም፣ እኔንም።

ቀርከሃውን ዝቅ ካደረጉት ከወዲያ ማዶ ቆሜ ደጅዎን እጠርጋለሁ፤ ጥርጊያ እንደማይታክተኝ ያውቃሉ። ብቻ አንድ ነገር ያስቡልኝ። ያን ዕለት ለወንድሜ አንሥተውታል፤ ሬሳው እያንኮራፋ። ዛሬ ሳጥን የለም፣ የሞተ የለም፣ አሳማውም አልጠጣም። የሰከርኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ በደስታ።

ለኔም ያንሱልኝ።

አክባሪዎ፣ የተያዘም ያመለጠም፣
ቪን

አባዬ፣ ከላይ የጻፈውን ግማሹን እመነው፤ የአሳማው እውነት ነው። የሬሳውን ነገር ስለነገርኩት አትቆጣኝ። ቀርከሃው ጫፍ ላይ ያለውን ድንጋይ ከበድ ባለ ቀይሬዋለሁ፤ ጉልበትህንም ትከሻህንም አይፈልግም፣ በአንድ ጣት ይነሳል። ኛይ።